ገለልተኛ ሰው ይኖራልን? የዳግ ሐመርሾልድ ሕይወትና ሞት

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «በእኛ አቆጣጠር» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1961 የሶቪየት ኅብረት መሪ የነበሩት ኒኪታ ክሩሽቼቭ ለአሜሪካዊው ጋዜጠኛ ለዋልተር ሊፕማን ቃለ ምልልስ ሰጥተው ነበር። በዚያ ቃለ ምልልስ ከተናገሩት ሁሉ ዘመን የተሻገረው አንድ ሐሳብ ነው። በዓለም ላይ ገለልተኛ አገሮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ገለልተኛ ሰው ግን የለም፣ አሉ። ነገሩ ፍልስፍና ይምሰል እንጂ በአንድ ሰው ላይ የተወረወረ ጦር ነበር። ሰውየው በዚያን ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ስዊድናዊው ዳግ ሐመርሾልድ ናቸው። ከዚያ ቃለ ምልልስ በኋላ ግማሽ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ሐመርሾልድ በአፍሪካ ጫካ ውስጥ ከተከሰከሰ አውሮፕላን አጠገብ ሞተው ተገኙ።

የክሩሽቼቭ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤት በድንበር ሲካሰስ፣ ደም የተቃቡ ቤተ ዘመዶች ሊታረቁ ሲፈልጉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሽማግሌው ማን ነው?» የሚል ነው። ከሁለቱ አንዱ ወገን «እሱማ የእነሱ ሰው ነው» ካለ ዕርቁ ሳይጀመር ፈረሰ ማለት ነው። እኔም በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ሳለሁ ከሁሉ አስቀድሞ የተነገረኝ «ሚዛናዊ ሁን» የሚል ቃል ነበር። ሥራውን ከጀመርሁ ወዲህ ደግሞ ሚዛናዊ ሆኜ ጽፌአለሁ ባልሁበት ቀን ሁለቱም ወገኖች ሲቆጡብኝ አይቻለሁ። ስለዚህ የሐመርሾልድን ታሪክ ያነበብሁት ስለ አንድ ታላቅ የውጭ አገር ሰው ለማወቅ ብቻ አይደለም። በሁለት ኃያላን መካከል የቆመ ሰው እስከ ምን ድረስ ሊቆም እንደሚችል ለማየት ነው።

ጄኔቫ ላይ የጎደለው

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው የአገራቸውን አቤቱታ አሰሙ። ስለዚያ ንግግር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቻችን የማናስታውሰው ግን የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ማን እንደነበሩ ነው። ዦዜፍ አቬኖል የሚባሉ ፈረንሳዊ ነበሩ። የአቬኖል ዋና ጭንቀት የተወረረችው አገር ሳትሆን ወራሪዋ ኢጣሊያ ተቆጥታ ማኅበሩን ጥላ እንዳትሄድ ነበር። በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ በሐምሌ 1936 ተነሣ። ያም ሆኖ ኢጣሊያ በ1937 ማኅበሩን ጥላ ሄደች። ትንሿን አገር አሳልፎ የሰጠው ማኅበር ትልቋንም ሳያቆይ ቀረ።

አንድ ዋና ጸሐፊ ብቻቸውን ኢትዮጵያን ያድኗት ነበር ለማለት አልደፍርም። ከእሳቸው በላይ ሎንዶንና ፓሪስ ነበሩ። ነገር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ሲረቀቅ የጄኔቫ ትምህርት አልተረሳም። አንቀጽ 99 ዋና ጸሐፊው ለዓለም ሰላም አስጊ ነው ያሉትን ማናቸውንም ጉዳይ በራሳቸው ተነሣሽነት ለጸጥታው ምክር ቤት እንዲያቀርቡ ፈቀደላቸው። አንቀጽ 100 ደግሞ ዋና ጸሐፊውና ሠራተኞቻቸው ከማንም መንግሥት ትእዛዝ እንዳይቀበሉ ከለከለ። ሕጉ በወረቀት ላይ ተጻፈ። በሥራ ሲተረጎም ምን እንደሚመስል ያሳዩት ግን ሐመርሾልድ ናቸው።

የኡፕሳላው ልጅ

ዳግ ሐመርሾልድ ሐምሌ 29 ቀን 1905 በስዊድን ዮንሾፒንግ በተባለች ከተማ ተወለዱ። ከአራት ወንድማማቾች የመጨረሻው ነበሩ። አባታቸው ያልማር ሐመርሾልድ የሕግ ሊቅ፣ በኋላም የኡፕሳላ አውራጃ ገዥ ስለነበሩ ልጁ ያደገው በከተማዋ ኮረብታ ላይ በቆመው አሮጌ ግንብ ውስጥ ነው።

አባትየው ከ1914 እስከ 1917 የስዊድን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው አገሪቱን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ውጭ አቆይተዋታል። ዳሩ ግን ገለልተኝነታቸውን አላላም በማለታቸው ከእንግሊዝ ጋር የነበረው ንግድ ተሰናከለ፤ ምግብም ጠፋ። ሕዝቡ ስማቸውን አጣሞ «ረሃብ» የሚል ቃል ሰካበትና መቀለጃ አደረጋቸው። በመጨረሻም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ትንሹ ዳግ እንግዲህ ገና በልጅነቱ ገለልተኝነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በገዛ ቤቱ አይቷል። በ1954 የስዊድን አካዳሚ ሐመርሾልድን በአባታቸው ወንበር ላይ ሲተካቸው፣ በአካዳሚው ልማድ መሠረት ስለ ቀድሞው ባለ ወንበር መናገር ነበረባቸውና፣ ልጅ ስለ ሟች አባቱ በአደባባይ ተናገረ።

ትምህርታቸው ሰፊ ነበር። በኡፕሳላ ሥነ ጽሑፍ፣ ፍልስፍና፣ ኢኮኖሚክስና ሕግ ተማሩ። በ1933 በኢኮኖሚክስ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። ከ1936 ጀምሮ በገንዘብ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ሆኑ፤ የስዊድን ብሔራዊ ባንክንም ቦርድ በሊቀ መንበርነት መሩ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛውረው በ1951 የካቢኔ አባል ለመሆን በቁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን የማንም የፖለቲካ ፓርቲ አባል አልነበሩም። ትዳር አልያዙም። ትርፍ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በሰሜን ስዊድን ተራሮች ላይ በእግር በመጓዝ፣ ፎቶግራፍ በማንሣትና ግጥም በመተርጎም ነበር።

«ጸጥተኛው ቢሮክራት»

የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሊ የኮሪያን ጦርነት ስለ ደገፉ ሶቪየት ኅብረት አላውቃቸውም ብላ ነበርና ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ ተገደዱ። በእሳቸው ቦታ የሚተካ ሰው ሲፈለግ አንዱ ያቀረበውን ሌላው እየጣለ ወራት አለፉ። በመጨረሻ የሁሉም ዐይን በአንድ ብዙ በማይታወቅ ስዊድናዊ ላይ ዐረፈ። ኃያላኑ የፈለጉት ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚያስተካክል፣ ድምፁን የማያሰማ ሰው ነበር። ወሬው ስቶክሆልም የደረሰው መጋቢት 31 ለሚያዝያ 1 አጥቢያ ስለነበር ሐመርሾልድ የሚያዝያ ቀልድ መስሏቸው እንደነበር ይነገራል። ሚያዝያ 7 ቀን 1953 ጠቅላላ ጉባኤው ሾማቸው። ኒው ዮርክ ሲደርሱ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሏቸው ትሪግቬ ሊ፣ በዚህች ምድር ላይ ካለው ሥራ ሁሉ እጅግ የማይቻለውን ሊረከቡ መምጣታቸውን ነገሯቸው።

ጊዜው በአሜሪካ የሴናተር ማካርቲ ዘመን ነበር። ኮሚኒስት ናችሁ እየተባለ ሰው ከሥራው የሚባረርበት ወቅት ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ማለትም ኤፍ ቢ አይ፣ በድርጅቱ ሕንፃ ውስጥ ቢሮ ይዞ አሜሪካውያን ሠራተኞችን ይመረምር ነበር። አዲሱ ዋና ጸሐፊ በዚያው ዓመት ውስጥ መርማሪዎቹን ከሕንፃው አስወጧቸው። ከድርጅቱ ወጪ ትልቁን ድርሻ የምትከፍለውን አገር «ይህ ቤት ያንቺ አይደለም» ማለት ነበር። ጸጥተኛው ቢሮክራት መጀመሪያ የተጋፈጡት ክሩሽቼቭን ሳይሆን ዋሽንግተንን መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1954 መጨረሻ ቻይና 11 አሜሪካውያን አየር ኃይል ሠራተኞችን በስለላ ወንጅላ ፈረደችባቸው። የጠቅላላ ጉባኤው ቻይናን አውግዞ ሰዎቹን እንዲያስፈቱ ሐመርሾልድን አዘዛቸው። ቤጂንግ ደግሞ ያን ጊዜ በድርጅቱ ውስጥ ወንበር እንኳ አልነበራትም። የተሰደበ ሰው ከሰዳቢው የተላከ መልእክተኛ አይቀበልም። ሐመርሾልድ ታዲያ ዘዴ ፈጠሩ። የምመጣው ውግዘቱን ይዤ ሳይሆን ቻርተሩ ለዋና ጸሐፊነት በሰጠኝ ሥልጣን ነው ብለው በቀጥታ ለጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤንላይ ጻፉ። በጥር 1955 ቤጂንግ ሄደው ለበርካታ ቀናት ተነጋገሩ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ ተብሎ ተተቹ። እሳቸው ግን ዝም ብለው መጻጻፉን ቀጠሉ። በዚያው ዓመት 50ኛ የልደት በዓላቸው በሚከበርበት ሰሞን ቻይና እስረኞቹን ለቀቀች። የሁለቱም ወገን ክብር ሳይነካ ነገሩ ተቋጨ። የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ጥበብ ጠንቅቀው ያውቁታል፤ የተቆጣ ሰው የሚታረቀው የሚመለስበት መንገድ ሲተውለት ነው።

ሰማያዊው ቆብ

ሐምሌ 26 ቀን 1956 የግብጹ ፕሬዚዳንት ጋማል አብደል ናስር የስዊዝን ቦይ ወረሱ። በጥቅምት መጨረሻ እስራኤል ግብጽን ወጋች፤ እንግሊዝና ፈረንሳይም ተከተሏት። ሁለቱ የጸጥታው ምክር ቤት ቋሚ አባላት ስለሆኑ ምክር ቤቱ ውሳኔ እንዳያሳልፍ በድምፃቸው አገዱት። ሐመርሾልድ በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው፣ የቻርተሩን መርሖዎች ለፖለቲካ ምቾት ሲል የሚተው ዋና ጸሐፊ ሥራውን አይሠራም፣ አባል አገሮች ሌላ ዓይነት ሰው ከፈለጉ ይናገሩ የሚል መንፈስ ያለው መግለጫ ሰጡ።

ጉዳዩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ተዛወረ። የካናዳው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሌስተር ፒርሰን በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚቆም የድርጅቱ ጦር ይቋቋም የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጉባኤው ዋና ጸሐፊው በ48 ሰዓት ውስጥ ዕቅድ እንዲያመጡ ጠየቀ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጦር ኖሮ አያውቅም። በኮሪያ የዘመተው የእኛ ቃኘው ሻለቃ ጭምር የተሰለፈበት ጦር የድርጅቱን ስም ይያዝ እንጂ በአሜሪካ አዛዥነት አንዱን ወገን የሚወጋ ጦር ነበር። ይኸኛው ግን የማንም ጠላት ያልሆነ፣ በባለ ቤቱ አገር ፈቃድ የሚገባ፣ ራሱን ለመከላከል ካልሆነ በቀር የማይተኩስ ሠራዊት እንዲሆን ታሰበ። ሐመርሾልድ ከአሜሪካዊው ምክትላቸው ከራልፍ በንች ጋር ሌት ተቀን ሠርተው ዕቅዱን አደረሱ። ወታደሩ በምን ይለይ ሲባል ሰማያዊ መለዮ ተመረጠ። በዚያች አጭር ጊዜ ግን የሚሰፋ አልሆነምና አውሮፓ ውስጥ የነበረ የአሜሪካ የራስ ቁር የውስጥ ቆብ ተሰብስቦ ሰማያዊ ቀለም ተቀባ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የምናውቀው «ሰማያዊ ቆብ» የመጣው እንዲህ ባለ ጥድፊያ ነው። የ10 አገሮች 6 ሺህ ያህል ወታደሮች ግብጽ ገቡ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ዓመቱ ሳያልቅ፣ እስራኤል በመጋቢት 1957 ለቀው ወጡ።

ዳሩ ግን በዚያው ሰሞን የሶቪየት ታንኮች ቡዳፔስት ገብተው የሃንጋሪን አመፅ ሲደፈጥጡ ድርጅቱ ውሳኔ ከማሳለፍ የዘለለ ያደረገው ነገር የለም። ሐመርሾልድ ታዛቢ እንኳ መላክ አልቻሉም። ለግብጽ የደረሰ ሰላም አስከባሪ ለሃንጋሪ ለምን አልደረሰም? መልሱ መራራ ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይን አሜሪካም ሶቪየትም ተቃውመዋቸው ነበር። ሶቪየትን ግን ገፍቶ የሚያስወጣ አልነበረም። ሽማግሌ የሚያስታርቀው ለመታረቅ የተገደደን ወይም የፈቀደን ሰው ነው። ጉልበተኛ «አልሰማም» ካለ የሽማግሌ ምርኩዝ ጦር አይሆንም።

አዲስ አበባና ኮንጎ

በታኅሣሥ 1958 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የመጀመሪያ ስብሰባውን በአዲስ አበባ ሲከፍት ሐመርሾልድ ተገኝተው ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላም ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮችንና ግዛቶችን ዞረው ጎበኙ። አዲስ ነፃ የሚወጡት አገሮች የድርጅቱን መልክ እንደሚለውጡት አስቀድመው ተረድተው ነበር። ነገር ግን የአፍሪካ ነፃነት የሕይወታቸውም መጨረሻ እንደሚሆን ማን ያውቅ ነበር?

ሰኔ 30 ቀን 1960 ኮንጎ ከቤልጅየም ነፃ ወጣች። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ከጄኔቫው ንግግር ልክ 24 ዓመት በኋላ። ሳምንት ሳይሞላ ወታደሩ አመፀ። ቤልጅየም ያለ ፈቃድ ጦሯን መልሳ አስገባች። ሐምሌ 11 ቀን በማዕድን የበለጸገው የካታንጋ ክፍለ ሀገር በሞይስ ቾምቤ መሪነት ተገነጠልሁ አለ። ፕሬዚዳንት ካሳቩቡና ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባ የድርጅቱን እርዳታ ጠየቁ። ሐመርሾልድ በአንቀጽ 99 ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠቅመው የጸጥታውን ምክር ቤት በሌሊት ሰበሰቡ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰማያዊ ቆብ ያጠለቁ ወታደሮች ኮንጎ መግባት ጀመሩ። ቀድመው ከደረሱት መካከል ኢትዮጵያውያኑ የጠቅል ብርጌድ ወታደሮች ይገኙበታል። በ1962 እና በ1963 ደግሞ መላውን የድርጅቱን ጦር በኮንጎ ያዘዙት ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። በጄኔቫ አቤት ብላ ያልተሰማች አገር በሌላው አፍሪካዊ አቤቱታ ጊዜ ልጆቿን ላከች።

የሐመርሾልድ ገለልተኝነት በእሳት የተፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሉሙምባ የድርጅቱ ጦር ካታንጋን በኃይል እንዲመልስላቸው ፈለጉ። ሐመርሾልድ ይህ የውስጥ ጉዳይ ነው፣ ድርጅቱ የአንዱ ወገን ጦር አይሆንም ብለው እምቢ አሉ። ሉሙምባ ፊታቸውን ወደ ሞስኮ አዞሩ። በመስከረም ካሳቩቡ ሉሙምባን ሻሩ፤ የድርጅቱ ኃላፊዎችም በዚያ ቀውጢ ሰዓት የአውሮፕላን ማረፊያዎችንና የሬዲዮ ጣቢያውን ዘጉ። ውሳኔው በወረቀት ላይ ሁሉንም እኩል የሚነካ ይመስላል። በተግባር ግን የተጎዱት ሉሙምባ ነበሩ፤ ካሳቩቡ ከወንዙ ማዶ ከብራዛቪል ሬዲዮ መናገር ይችሉ ነበርና። በኋላ ሉሙምባ በድርጅቱ ወታደሮች ከሚጠበቀው ቤታቸው ወጥተው ሲሄዱ ተያዙ። ጥር 17 ቀን 1961 ካታንጋ ውስጥ ተገደሉ። ቤልጅየም በ2002 ለዚህ ግድያ የሞራል ኃላፊነት እንዳለባት አምናለች።

እኔ ሐመርሾልድን ባከብራቸውም ይህን ገጽ ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ጉልበተኛና ደካማ በተፋጠጡበት ቦታ «እኔ በማንም በኩል አልቆምም» ማለት አንዳንድ ጊዜ ለጉልበተኛው ማገዝ ነው። በኮንጎ የመጀመሪያ ወራት የሆነው ይኸው ይመስለኛል። በአንጻሩ የሐመርሾልድ እጅ በውሳኔዎች ታስሮ እንደነበር መዘንጋት አይገባም። የጸጥታው ምክር ቤት የእርስ በርስ ጦርነትን ለመከላከል በመጨረሻ አማራጭነት ኃይል መጠቀምን የፈቀደው በየካቲት 1961፣ ሉሙምባ ከሞቱ በኋላ ነው።

የመድረኩ ፍጥጫ

በመስከረም 1960 ክሩሽቼቭ ኒው ዮርክ መጥተው የዋና ጸሐፊነቱ ሥልጣን ይሰረዝና በቦታው ሦስት ሰዎች፣ አንድ ከምዕራብ፣ አንድ ከምሥራቅ፣ አንድ ከገለልተኞቹ ይቀመጡ አሉ። ሐመርሾልድም በገዛ ፈቃዳቸው እንዲለቁ ጠየቁ። ጥቅምት 3 ቀን ሐመርሾልድ መድረኩ ላይ ወጡ። የመልሳቸው ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ ሥልጣን መልቀቅ ቀላል ነው፤ መቆየት ግን ቀላል አይደለም። ለኃያል መንግሥት ምኞት መንበርከክ እጅግ ቀላል ነው፤ መቃወም ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ድርጅት ለመጠጊያነት የሚፈልጉት ሶቪየት ኅብረትና ሌሎች ኃያላን ሳይሆኑ የቀሩት ሁሉ ናቸው። ስለዚህ ለእነዚያ ስል እቆያለሁ። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ።

«ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የሚል ተረት አለን። ሐመርሾልድ ያን ቀን የተናገሩት ስለ ሣሩ ነበር።

ከምዕራቡም ቢሆን ሰላም አላገኙም። ፈረንሳይ እንደ ሶቪየት ሁሉ ለኮንጎ ዘመቻ ድርሻዋን አልከፍልም አለች። ካታንጋ ውስጥ ትልቅ የማዕድን ጥቅም ያላቸው የቤልጅየምና የእንግሊዝ ወገኖች ደግሞ ድርጅቱ ቾምቤን በመጫኑ ተቆጡ። በሞስኮ የምዕራብ አሽከር ሲባሉ፣ በብራስልስና በሎንዶን ደግሞ ለጥቁር አክራሪዎች መንገድ ከፋች ተደርገው ታዩ።

በግንቦት 1961 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ንግግር ለክሩሽቼቭ የመጨረሻ መልሳቸው ነው። ሐሳቡን በራሴ ቋንቋ ላጠቃልለው። ዓለም አቀፍ ሠራተኛም ሰው ነውና የሚወደውና የሚጠላው፣ የሚያምንበትም አለው። ገለልተኛ መሆን ማለት ልብ የሌለው መሆን አይደለም። የሚጠየቀው ያንን ዝንባሌውን ራሱ ዐውቆት ሥራውን እንዳያጣምምበት መጠበቁ ነው። ይህን ጠብቆ ሳለ ሐቀኝነቱ ከሌሎች ጋር ካጋጨው፣ ግጭቱ የነፃነቱ ዋጋ እንጂ የወገንተኝነት ምልክት አይደለም።

መስከረም 8 ቀን 1954 ዓ.ም.

መስከረም 13 ቀን 1961 የድርጅቱ ጦር በካታንጋ የውጭ ቅጥረኞችን ለማስወጣት የጀመረው ዘመቻ ወደ ውጊያ ተለወጠ። ሐመርሾልድ በዚያው ቀን ሊዮፖልድቪል ደረሱ። የካታንጋ አንዲት ፉጋ ማጂስተር የጦር ጄት በሰማዩ ላይ እንደ ልቧ ትመላለስ ነበር፤ ድርጅቱ ደግሞ አንድም የጦር ጄት አልነበረውም። ከኢትዮጵያ ጄቶች እንዲላኩ ተጠየቀ፤ ኢትዮጵያም ተስማማች። ነገር ግን አውሮፕላኖቹ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ግዛት ሥር በነበሩት አገሮች ላይ ማለፍ ነበረባቸው፤ የእንግሊዝ መንግሥት ፈቃዱን አዘገየው። ፈቃዱ የተገኘው ሐመርሾልድ ከሞቱ በኋላ ነው።

ሐመርሾልድ ውጊያውን ለማስቆም ከቾምቤ ጋር ፊት ለፊት ሊነጋገሩ ወሰኑ። መስከረም 17 ከሰዓት በኋላ «አልበርቲና» በምትባል ዲሲ 6 አውሮፕላን ያለ አጃቢ ተነሡ። ፓይለቱ የካታንጋን ጄት ለመሸሽ በምሥራቅ በኩል ዙሪያ ጥምጥም፣ አብዛኛውን መንገድ ሬዲዮ ዘግቶ በረረ። መድረሻቸው የዛሬዋ ዛምቢያ፣ ያን ጊዜ ሰሜን ሮዴዥያ በምትባለው የእንግሊዝ ግዛት ውስጥ ያለችው ንዶላ ነበረች። እኩለ ሌሊት እንዳለፈ አውሮፕላኗ በንዶላ ሰማይ ላይ ታየች፤ ከዚያም ድምፅዋ ጠፋ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 8 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የዐዲስ ዓመት ሳምንት ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የነበሩት የእንግሊዝ ባለ ሥልጣን፣ ዋና ጸሐፊው ሐሳባቸውን ለውጠው ወደ ሌላ ቦታ ሳይሄዱ አልቀሩም አሉ። ስብርባሪው ተገኘ የተባለው ከ15 ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ከማረፊያው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነው። ከ16ቱ ተሳፋሪዎች በሕይወት የተገኘው አሜሪካዊው የጥበቃ ኃላፊ ሃሮልድ ጁሊያን ብቻ ነበር፤ እሱም በስድስተኛው ቀን ሞተ።

የከሰል አክሳዮች ምስክርነት

የሮዴዥያ መርማሪዎች ጥፋቱን በፓይለቱ ላይ ጣሉ። የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ኮሚሽን በ1962 ምክንያቱን መለየት አልቻለም፤ ጥቃትም ሊሆን እንደሚችል አልካደም። በአካባቢው ጫካ ከሰል የሚያከስሉ አፍሪካውያን ግን ያን ሌሊት ያዩትን ተናግረው ነበር። በሰማይ ላይ ሁለተኛ አውሮፕላን፣ ብልጭታና እሳት አይተናል አሉ። የቅኝ ገዥዎቹ መርማሪዎች ቃላቸውን እንደ ቃል አልቈጠሩትም።

ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ እንግሊዛዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ሱዛን ዊልያምስ ጉዳዩን በመጽሐፍ ቀሰቀሱት። ተከትሎም የተባበሩት መንግሥታት የታንዛኒያ ዋና ዳኛ የነበሩትን ሞሐመድ ቻንዴ ኦስማንን ምርመራውን እንዲመሩ ሾማቸው። ኦስማን በ2017 ባቀረቡት ሪፖርት አውሮፕላኗ የወደቀችው በውጭ ጥቃት ወይም በማስፈራራት ሊሆን እንደሚችል ምክንያታዊ ሆኖ ይታያል ብለዋል። የዚያን ዘመን የስለላ መዛግብት የያዙ መንግሥታትም ሰነዶቻቸውን ፈትሸው እንዲያሳዩ ጠይቀዋል። በ2019 እና በ2022 ያወጧቸው ሪፖርቶችም የሚደመድሙት አንዳንድ መንግሥታት አሁንም የሚያውቁትን ሁሉ አልሰጡም በማለት ነው።

ሐመርሾልድ በኡፕሳላ ተቀበሩ። የ1961 የኖቤል የሰላም ሽልማት ከሞቱ በኋላ ተሰጣቸው። የኖቤል ደንብ በ1974 ስለ ተሻሻለ ዛሬ ለሞተ ሰው እንዲህ ያለ ሽልማት አይሰጥም። በኒው ዮርክ መኖሪያቸው ውስጥ አንድ የማስታወሻ ደብተር ተገኘ። ከሱ ጋር ለወዳጃቸው የተጻፈ ደብዳቤ ነበር፤ ደብተሩን ከራሳቸውና ከእግዚአብሔር ጋር ያደረጉት ድርድር መዝገብ አድርገው ገልጸውታል። በ1963 «የመንገድ ምልክቶች» በሚል ስም በስዊድንኛ ታተመ። የሚገርመው፣ በዚያ ደብተር ውስጥ ስለ ስዊዝም ሆነ ስለ ቤጂንግ አንድም ወሬ የለም ማለት ይቻላል። ሰውየው በአደባባይ በሌሎች መካከል ሲፈርድ ውሎ ማታ በራሱ ላይ ይፈርድ ነበር።

እንግዲህ ገለልተኛ ሰው ይኖራልን? የክሩሽቼቭን ቃል በአንድ በኩል እቀበለዋለሁ። የሚወደውና የሚፈራው የሌለው ሰው አልተፈጠረም። ነገር ግን ሰው ከራሱ ዝንባሌ ጋር ሊሟገት፣ ለከፋዩም ለተሳዳቢውም እምቢ ሊል ይችላል። ሐመርሾልድ ይህን ለስምንት ዓመት ከመንፈቅ አድርገውታል፤ አንዳንዴ ተሳክቶላቸዋል፣ በሉሙምባ ጉዳይ ደግሞ ያ ሚዛን የሰው ሕይወት አላዳነም። ድርጅቱ የተቋቋመው ለኃያላን ሳይሆን ለቀሩት ሁሉ ነው ያሉት እሳቸው ናቸው። ታዲያ የሞታቸው እውነት ከቀሩት መካከል ከሁሉ ባነሱት፣ በንዶላ ከሰል አክሳዮች አፍ ላይ ለ50 ዓመት ተቀምጦ ሰሚ ማጣቱ ያ ቃል ገና ዕዳ መሆኑን ያሳያል። ዕዳው ደግሞ መዛግብቱን ቆልፈው በያዙት መንግሥታት እጅ ነው።